ያላነበብኩላቸው ሁለተኛ ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ለጨዋ ሰው የሚመጥኑ ኃጢአቶችን እየመረጥኩ አቀርብላቸው ነበር፦ ጾም መሻር፣ ሐሜት፣ ቁጣ። ይኼኛውን ይዤው ቀረሁ።

ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት በነበረው አፓርታማችን፣ ከትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ለጎረቤቶቼ የማነበው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። መነጽር አደርጋለሁ፣ መጽሐፍ ይዤ እታያለሁ፤ አንድ ቀን ክፍል ገብቼ ሳላስተምር «መምህር» ተባልኩ። ደብዳቤ ይዘውልኝ ከሚመጡት የሚበዙት ልጆቻቸው ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ወላጆች ነበሩ። እኛ ያደግነው «ተዛወረ ወይስ ወደቀ?» እየተባልን ነው። እዚህ ግን ልጅ እያንዳንዱን ትምህርት ለብቻው እያለፈ ክሬዲት ያጠራቅማል። አንዱ ቢጎድልበትም ይዛወራል፤ ጉድለቱ ዝም ብሎ እስከ ምረቃው ይጠብቀዋል። ይህን ማስረዳት የእኔ ሥራ ነበር። እኮራበትም ነበር።

ተስፋዬ ጎረቤቴ ነው፤ ዴንቨር አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። አንድ የሰኔ ቅዳሜ ከልጁ ከሄርሜላ ጋር ገና ያልተከፈተ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ልጅቱ አልቅሳለች።

«ጋሼ፣ ኢንግሊሽ ፌል አደረግኩ» አለችኝ።

«እኔን ወጥታ ነው፣ መምህር! የእኔንስ እንግሊዝኛ ታውቀው የለ?» አለና በእጅጌው እንባዋን ጠረገላት።

«አባዬ፣ ዝም በል!» ብላ በክርኗ ጎሸመችው፤ እየሳቀች።

የእኔ ልጅ የክፍሏ ተማሪ ነበር። በዚያው ሳምንት ሁሉንም ኤ አምጥቶ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። «ጎበዝ» ስለው፣ ከጆሮው ማዳመጫውን ሳያወጣ «ኦኬ» ብሎኝ አለፈ። ሰው የሚቀናው በበለጠው ነው ይላሉ። እኔ ቤቴ ኤ ሞልቶ በሰው ኤፍ ቀናሁ። የእኔ ልጅ መቼ ነው ፊቴ ያለቀሰው? መቼ ነው ያሳቅኩት?

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው አሥረኛ ክፍል መዛወሯን ይናገራል። ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ክሬዲት እንደጎደላት፣ በክረምት ትምህርት በነጻ ማካካስ እንደምትችል፣ ወላጅ ፈርሞ እስከ አርብ እንዲመልስ ይላል። የመጀመሪያውን አነበብኩ። ሁለተኛውን አጠፍኩት።

«አሥረኛ ተዛውራለች» አልኩ።

«በቃ?»

«በቃ።»

ልጅቱ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ሰመር ስኩል አያስፈልገኝም?»

«ተዛውረሻል እኮ፣ ልጄ።»

ቃል በቃል እውነት ነው። ያነበበ ሰው የሚዋሸው እንዲህ ነው። ለምን አደረግኩት? ያ ሳቅ እስከ የት እንደሚዘልቅ ለማየት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሲቆጣት ለማየት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብዙ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ደብዳቤውን እንደ ሁልጊዜው እኔ ጋ ትተውት ሄዱ። እስከ አርብ በየማለዳው ተስፋዬን ደረጃው ላይ አገኘው ነበር። በየማለዳው «እንደምን አደርክ» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

በመጨረሻው ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነው ምረቃው ሲቃረብ፣ ሌላ ደብዳቤ መጣ፦ ክሬዲት ስለጎደላት ከጓደኞቿ ጋር መድረክ አትወጣም። ተስፋዬ ለዚያ ቀን ፈረቃውን አስቀይሮ፣ ነጭ ጫማ ገዝቶላት ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ገጽ አነበብኩ። ይቆጣታል ብዬ የጠበቅኩት ሰው አቅፏት «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ያቃተኝ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ያኔ ለምን አልነገሩንም እነዚህ የትምህርት ቤት ሰዎች?»

«ቸልተኞች ናቸው» አልኩ። አዎ፣ ይህንንም እኔ ነኝ ያልኩት።

በምረቃው ቀን ሁለቱም መጡ። ለእኔ ልጅ ሊያጨበጭቡ። ልጄ ከመድረክ ወርዶ መጀመሪያ ያቀፈው ተስፋዬን ነው። እዚያም ቀናሁ።

ሄርሜላ ያንን ትምህርት በክረምት ጨረሰች፤ ዲፕሎማዋ በፖስታ መጣ። «ታዲያ ምን ጎደለባት?» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር ምሕረቱን ለራሱ ያቆይልኝ። አንባቢን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እሱን አይደለም።

ተስፋዬ ዛሬም ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ እኔ ያመጣል። ይህንን ግን በአማርኛ ጻፍኩት፤ ያለ እኔ እንዲያነበው።