ማሽላ ቤት የገባው ሀገር

መምህር አራጌ ከሮቢት ገባ ብሎ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሯል። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት ያለቀሰው በማመልከቻ ነው። የቀን መንገድ ርቃ ቆቦ ያለችው ሚስቱ ዘነበች ስኳር በሽታ ዓይኗን እየጋረደባት ብቻዋን ትኖራለች፤ እሱ ደግሞ ዝውውር ይለምናል።

ዘንድሮ፣ የአዳራሽ ታጋዮቻችን፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ከሥልጠና ሲመለሱ «የሀውስ ሲስተም» የሚባል ነገር ይዘው መጡ። ተማሪው በአራት ቤት ይከፈላል፦ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽምብራና ማሾ። በሰዓቱ የመጣ፣ ጥፍሩን የቆረጠ፣ ጥያቄ የመለሰ ለቤቱ ነጥብ ያስገኛል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ቤት ዋንጫ ይወስዳል።

«ይህን አሳምረህ ሥራ፤ ዝውውርህን እኔ አስፈርማለሁ» አለው የወረዳው ሱፐርቫይዘር።

አራጌ አሥራ አንድ ገጽ መመሪያ አራት ጊዜ አነበበ። የገባው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ወንድማማቾችና እህትማማቾች አይለያዩ። ይህንኑ ጠብቆ ልጆቹን ለአራት አካፈለ።

በማግስቱ ራቢዓ ልጇን ሳሊሀን አስከትላ መጣች።

«አንቱ መምህር፣ ሳሊሀን ከወንድሟ ለይተዋታል አሉ።»

«የትኛው ወንድሟ?»

«የአላምረው ልጅ ነዋ። አያቶቻችን የአንድ እናት ልጆች አይደሉ?»

«በዚህ ከቆጠርንማ ሀገሩ ሁሉ አንድ ቤት መግባቱ ነው።»

«ይግባ። እርስዎን ምን ከፋዎት?»

አራጌ እስክሪብቶውን አነሳ። ሳሊሀን «ወንድሟ» ወዳለበት ማሽላ አዛወራት። ከሰዓት በኋላ ሰባት እናቶች በዚሁ ጉዳይ መጡ። ዓርብ ላይ ማሽላ ቤት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ጤፍና ሽምብራ ባዶ ቀሩ። ማሾ ቤት ሦስት ልጆች ብቻ ቀሩ፤ ከሩቅ ሀገር ተዛውሮ የመጣ ፖሊስ ልጆች። እሱ እንዴት እንደተዛወረ የሚያውቅ የለም።

ሱፐርቫይዘሩ ሊገመግም መጣ። ሰሌዳው ላይ ማሽላ 4180፣ ማሾ 61 ይላል። ሱፐርቫይዘሩ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«ዓምና ማሽላ ስንት ነጥብ ነበረው?»

«ዓምና ማሽላ ቤት አልነበረም፣ ጌታዬ።»

«ከዜሮ አራት ሺህ።» ጻፈው። «ትምህርት ቤቱ ሞዴል ነው።»

«ዝውውሬስ?»

«ሞዴል ፈጥሮ ጥሎ የሚሄድ አለ? ሦስት ዓመት ቆይተህ ልምድ ታካፍላለህ።»

አራጌ ዘነበችን በስልክ አገኛት።

«ፈረሙልህ?»

«ሞዴል አሉኝ።»

«እሱ መምጣት ነው መቅረት?»

«መቅረት ይመስለኛል» አላት። «ግን አጨብጭበዋል።»