እሷ ዋና፣ እኔ ብስክሌት

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ቢሮ ውስጥ አፌን ከፈትኩና ከአሶሳ የመጀመሪያው የትራያትሎን ተወዳዳሪ እሆናለሁ አልኩ። የመጀመሪያው መሆኔን ማንም አላጣራም፤ እኔም አላጣራሁም። ለጠየቀኝ ሁሉ ሳስረዳ ዋልኩ፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ዋና፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሳያርፉ በተከታታይ። ውድድሩ ከእኛ ሩቅ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ነበር። ሰዎቹ ሆዴን አይተው ሳቁ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስወጣ ስገባ «ስፖርተኛው» ይሉኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ። መዋኘት አልችልም።

የተወለድኩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራ የሰፈራ መንደር ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣው ድርቅ ሸሽቶ ነው፤ ታዲያ ውሃ አጥቶ የመጣ ሰው ውሃ ይወዳል የሚል ካለ አባቴን አላወቀም። ወንዝ አጠገብ ካገኘን በአለንጋ ነበር የሚያባርረን። «እያሳሳቀ ነው የሚወስድህ» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ዋናን የጀመርኩት ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ ተኝቼ እጅና እግሬን በማወራጨት ነው። ትንፋሽ ለመያዝ ደግሞ ፊቴን ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ እነክር ነበር። ጎረቤታችን አንድ ጠዋት በአጥር በኩል አየችኝና ሚስቴን «ይጥለዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሚስቴ የበርታ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ልጅ ሳለች እናቷ ወንዝ ዳር አሸዋ እያጠበች ወርቅ ስትፈልግ እሷ ውሃው ውስጥ ትውል እንደነበር ነግራኝ ታውቃለች። እኔ መንቦራጨቅ መስሎኝ ነበር። ሳፋውን አንድ ሳምንት ከታገሰች በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ሳፋ ውስጥ ማን ዋኝቶ ያውቃል? ያላህ፣ እንሂድ» አለችኝ። ቅዳሜ ማለዳ ባጃጅ ይዘን ለመስኖ ወደተገደበች አንዲት ኩሬ ሄድን። የእኔ ሐሳብ ልብሴን እንድትጠብቅልኝ ነበር።

ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ቆምኩ። እሷ ረጅም ቀሚሷን ከነሱሪዋ እንደለበሰች፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ገባችና ሄደች። ውሃው እንኳ አልተንቦራጨቀም፤ ወደ ገበያዋ የምትራመድ ነበር የሚመስለው። ማዶ ደርሳ ተመለሰችና ትንፋሿ ሳይቆራረጥ «አይቀዘቅዝም፤ ግባ» አለችኝ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ደብቃኛለች ብዬ ተቆጣሁ። አልደበቀችኝም፤ ነግራኝ ሳልሰማት ነው። ግን ቅናት ምክንያት ሲያጣ ራሱ ይፈጥራል። እኔ ለአንድ ውድድር ብዬ ስንት ቀን ሳፋ ውስጥ ስታፈን፣ እሷ በማንም ሳትደነቅበት፣ ሳትኩራራበት፣ እንዲያው እንደ ትርፍ ዕቃ ይዛው ኖራለች። ይሄ ነበር ያንገበገበኝ።

የባጃጁ ሾፌር ዳር ቆሞ ሲያይ ነበር። ሰኞ ቢሮ ስገባ «ዋናተኛዋ ሚስትህ ናት አሉ!» ብለው ተቀበሉኝ። አንዱ «እሷን ላክልን እንጂ፤ አንተ ፎጣ ትይዝላታለህ» አለ። ከጥርሴ ሳቅኩ። ያን ቀን «ስፖርተኛው» ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ቆጥሬዋለሁ።

ማስተማሯ ግን የሚወቀስ አልነበረም። ውሃው ደረቷ ጋ በሚደርስበት ትቆምና መዳፏን ከሆዴ ሥር ታደርጋለች። «እናቴ እንዲህ ይዞ ነው ያስተማረኝ» ትለኛለች፤ አማርኛን ከገበያ ስለለቀመችው እናቷም አባቷም «እሱ» ናቸው። «አንገትህን አታድርቅ። አልጋ ላይ እንደምትተኛው ተኛ። እስክትችል አልለቅህም።» በሦስተኛው ቅዳሜ ፊቴን ነክሬ መተንፈስ ቻልኩ፤ በአምስተኛው እግሬ መስመጡን ተወ። ሆኖም በተሻለኝ ቁጥር ምን ያህል እንደምትበልጠኝ ይበልጥ ይገባኝ ነበር። ስለ ዋና ምንም ሳላውቅ የቀናሁት ቅናት ቀላል ነበር፤ ጥቂት ሳውቅ ባሰብኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «እኔም ብወዳደርስ?» አለችኝ። ማስታወቂያውን ከእኔው ስልክ ላይ አይታው ኖሯል። «ሴቶች ከወንዶች በኋላ ነው አሉ የሚነሱት። አንድ ሳይክል ይበቃናል።»

የጎረስኩትን ባሚያ ሳልውጥ ማስላት ጀመርኩ። የጨርቅ እስር ተሸክማ ገበያ ለምትመላለስ ሴት አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ምኗም አይደለም። ዋናውን በዓይኔ አይቻለሁ። የማትችለው ብስክሌት ብቻ ነው፤ እሱን የሚያስተምራት ደግሞ እኔ ነኝ። «ምን ችግር አለው» አልኳት። በሆዴ ግን፣ እሷ ከሐይቁ ስትወጣ ፎቶ የሚያነሱት ማንን ነው? ቢሮ የሚወራውስ ስለ ማን ነው? እያልኩ ነበር። ሁለታችንም ልንጨርስ እንደምንችል፣ ያም ደስ እንደሚል፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልታሰበኝም።

ልምምዱን በማለዳ ጀመርን፤ ፀሐይ ሳትከር፣ ግራና ቀኙ ማንጎ በሆነ ጭር ባለ መንገድ ላይ። እሷ ትነዳለች፣ እኔ መቀመጫውን ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወድቃ ክርኗ ተላጠ፤ አቧራዋን አራግፋ እንደገና ወጣች። ብስክሌት ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ተማሪው ሚዛን ሲያጣ ክብደቱ ሁሉ እጅህ ላይ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እጄ ላይ የሚመጣ ምንም ነገር አልነበረም። ብስክሌቱ ራሱን ችሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እኔ እንደ ጥጃ ከኋላ እከተላለሁ። ያኔ መልቀቅ ነበረብኝ።

አልለቀቅኩም። ይባስ ብዬ አልፎ አልፎ መቀመጫውን ነቅነቅ አደርገው ነበር። ብስክሌቱ ይወላገዳል፣ እሷ መሪውን ጨምድዳ ትይዛለች፣ እኔ «አየሽ? ገና ነሽ» እላታለሁ። እንዲህ እያልኩ ሌላ ሁለት ሳምንት ሄድኩ። ላየን ሰው ሚስቱን የሚወድ ባል ነበርኩ። አንዲት ማንጎ ሻጭ እያለከለክሁ ሳልፍ «ባል ማለት እንዲህ ነው፤ ዕድሜ ይስጥህ» ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኳት።

ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከልምምድ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«ልመዝገብ? አንተ ነህ የምታውቀው።»

የመጨረሻዋን ባትጨምር ይቀለኝ ነበር። «ገና ነሽ» አልኳት። «ሌላ ሰው አጠገብሽ ሲያልፍ ደንግጠሽ ትወድቂያለሽ። ለከርሞ ይሁን።»

መንገዱን ትንሽ አየት አደረገችና «አንተ ካልክ እሺ» አለች። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ስነካካ ዋልኩ። ምዝገባው መዘጋቱን ሳይ በረጅሙ ተነፈስኩ፤ እንዲያ ያለ እፎይታ የተሰማኝ ልጃችን በሰላም የተወለደች ቀን ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እሑድ እንደገና ወጣን። አሁን ደግ መሆን የሚያስከፍለኝ ነገር አልነበረም። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሮጥኩና ለቀቅኳት። ቀጥ ብላ ሄደች። መንገዱ የሚሰፋበት ደርሳ፣ ጀማሪ የሚወድቅበትን ዙር ያለምንም ችግር ዞራ፣ ወደ እኔ መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ፍሬን ይዛ ወረደች። እየሳቀች ነበር። ባዶ እጆቼን አየች፣ ብስክሌቱን አየች፣ ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሳይክሉ የሚወላገደው አንተ ስትይዘው ነው» አለች።

ዓይኔን ወደ ማንጎዎቹ አዞርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምችለው?»

«ከዛሬ» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ታምነኝም ነበር፤ ዓርብ ዕለት አምናኝ የለ? «ሁለት ሳምንት ይሆናል» አልኳት።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች። ብስክሌቱን አስይዛኝ በእግሯ ወደ ቤት አመራች። ልነዳው ስላልደፈርኩ እየገፋሁ ተከተልኳት።

ሳምንቱን የተነጋገርነው ለልጃችንና ለጓዳው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቤታችን ውስጥ ሳንነካካ መተላለፍ እንደሚቻል ያኔ አየሁ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔ ኩሬዋን አንድ ጊዜ እንኳ ብቻዬን አቋርጬ አላውቅም። ያለ እሷ ልሄድ አስቤ ፈራሁ፤ ይህም ሌላ ቅናት ሆነብኝ፤ እሷ «ፈጽሞ አታስፈልገኝም» ልትለኝ ትችላለች፣ እኔ ግን አልችልም። ቅዳሜ ማለዳ ስነቃ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተነስ» አለች። «እዚያ ሰው ፊት ብትሰምጥ፣ ማነው ያስተማረው ይላሉ።»

ባጃጁ ውስጥ ቃል አልተነፈሰችም። ውሃው ውስጥ እንደ ሁልጊዜው መዳፏን ከሆዴ ሥር አደረገች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ውሃ ይገባብሃል፤ ዋኝ» አለችኝ። ዋኘሁ። እጄን በዘረጋሁ ቁጥር እየቆጠርኩ፣ በየሦስተኛው እየተነፈስኩ፣ መዳፏ አሁንም ሆዴን እንደያዘኝ እየተሰማኝ ዋኘሁ። ጣቶቼ ጭቃ ሲነኩ ማዶ መድረሴን አወቅኩ። ቀና ስል ዳር ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች። መሐል ላይ የሆነ ቦታ ለቅቃኝ፣ በጎኔ አልፋኝ፣ ቀድማኝ ወጥታ ነበር።

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ይቅርታውም ገና አልተጠየቀም። ከአፌ የወጣው ግን «መቼ ቀደምሽኝ?» የሚለው ነው።