ከካሜራው ፊት ስቀመጥ

ለንደን ውስጥ የሐበሻን ሠርግና ክርስትና ፎቶ በማንሳት ዘመኔን የፈጀሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ማንችስተር ያለችው ልጄ «እማዬ፣ ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው ፎቶ ላኪልኝ» አለችኝ። ሣጥኔን ብፈትሽ የሰው ሁሉ ፎቶ አለ፤ የእኔ ግን አንድም የለም።

ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ያለ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የእኛው አገር ወጣት ነው። ገና ሳልቀመጥ «መብራቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው» አልኩት።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ሥራውን ለእኔ ይተዉልኝ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ እኔ ለሰው ሁሉ የምለውን ለእኔው አለኝ፤ «የሚወዱት ሰው ከኋላዬ የቆመ ይምሰልዎት።»

ልጄን አሰብኩ። መጥታ ካየችኝ ሁለት ዓመት ማለፉ ትዝ ሲለኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ልጁ ካሜራውን በራሱ እንዲያነሳ አድርጎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እኔም የራሴ ፎቶ የለኝም፤ እናቴ ላክ እያለች ነው» አለኝ። ሁለታችንም ስንስቅ ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶውን የሚልክበትን ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼው ወጣሁ። እንደደረሰኝ ለልጄ ላክሁላት፤ እስካሁን አልደወለችም። በማግስቱ ግን ከደሴ ተደወለልኝ፤ የፎቶ ቤቱ ልጅ እናት ናቸው፤ ፎቶውን ከነቁጥሬ ልኮላቸው ኖሯል።

«ብቻውን ነው እያልኩ ስለት ስሳል ከርሜ፣ ለካ እናት አለው! ልጄን አደራ!» አሉኝ።

እግዜር ምስክሬ ነው፣ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር።