ባሌን ያለፈው ሳህን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። መጀመሪያ ግን በደሉን ልናገር፤ በደሉ ካልተነገረ ምሕረቱ አይገባችሁም። በዚህ ጉባኤ፣ በጌታ እራት ቀን፣ የኅብስቱ ሳህን ባሌን ላቀውን አልፎት ሄደ። እጁን ዘርግቶ ነበር። ሳህኑ ከኔ ተነሥቶ፣ እሱን ዘልሎ፣ ከወዲያ ላለው ሰው ደረሰ። የላቀው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ይህ ይታወቅልኝ። ሳህኑን የያዘው ወንድም አዳነ እዚያ ፊት ተቀምጧል። አያቀርቅር፤ እሱም የምስክርነቴ ክፍል ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ካረጀሁ ወዲህ ነው። ጌታን ሳላውቅ ቢቸና ውስጥ በድንበር ያልተካሰስኩት ጎረቤት አልነበረም። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሮ ስም ከመጻፍ እምብዛም አያልፍም፤ ለክርክር ግን ጠበቃ አልፈልግም ነበር። ጌታ ልቤን ለወጠው፣ ስሙ ይባረክ። ምላሴን ገና እየሠራበት ነው።

ወንጌልን የነገረኝ ላቀው ነው። የቄስ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ጉንደ ወይን የኔታ ዘንድ ዜማ ተምሯል። ጎልማሳ ሆኖ ጌታን አገኘና መጽሐፍ ቅዱሱን እያነበበ እኔንም አስረዳኝ። ዘመዶቹ በራቸውን ሲዘጉብን፣ «አይዞሽ ትርንጎ፣ እኛ ሁለት ከሆንን ሦስተኛው እሱ ነው» ይለኝ ነበር። ሃሌሉያ።

ከዚያ መርሳት መጣ። በግ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ በጉንም መንገዱንም ጥሎ ተገኘ። መዝሙሮቻችን ጠፉበት። አንድ እሑድ ስብከት መሀል ብድግ አለና አማተበ፤ በቅዳሴው ዜማ «ኪርያላይሶን» ብሎ አዜመ። ወጣቶቹ ሳቁ። ከኋላዬ አንዲት እህት፣ «ወደ ድሮው ተመልሰዋል ማለት ነው» አለች። በሚቀጥለው የጌታ እራት ሳህኑ አለፈው። እኔም የያዝኩትን ሳልበላ መለስኩና እጁን ይዤው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ከእናንተ በሬን ያንኳኳ የለም። የመጣችው ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ እናኑ ብቻ ናት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እግዜር መለሰልሽ። አንቺስ መቼ ነው?» አለችኝ። እናንተ ከዳን አላችሁ፤ እነሱ ተመለሰልን አሉ። ታመመ ያለ ሰው አልነበረም። ላቀው ራሱ «እርስዎ» ይለኝ ጀመር። ዕድሜ ልኩን አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ «እናቴ ትጠብቀኛለች፤ ልሂድ፣ ይፍቀዱልኝ» ይለኛል። አጠገብ የተቀመጠን ሰው መናፈቅ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሞጣ ያለችው ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ የአረጋውያንን መርሳት የሚያጠኑ ሐኪሞች መጥተዋል፤ አባዬን ይዘሽው ነይ።» ሄድን። አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ሲቆም ላቀው ተነሣ።

«አውርደኝ፣ የኔታ ይቆጡኛል።»

ረዳቱ፣ «አባቴ፣ ዛሬ የኔታም ትምህርት ዘግተዋል» ብሎ አስቀመጠው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ላቀውም አብሮ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ግን አይቸኩልም። ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ጆሮው ጠየቀኝ። «አልዛይመር ይመስላል» አለ። «ብዙ ጊዜ በቅርብ የገባው ትዝታ ቀድሞ ይሄዳል፤ በልጅነት የገባው ይቆያል።»

«እንግዲያው ጌታን አልካደም?»

«እማማ፣ እሱ የኔ ሙያ አይደለም። እኔ አንጎላቸው ታሟል ነው የምለው። ቤታችሁ ማን ይመጣል?»

«ማንም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ብቸኝነት አንጎልን እንዴት እንደሚጎዳ ከምናጠናቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለሳቸውም ለእርስዎም ጥሩ አይደለም።»

«እኔንም ይይዘኛል?»

«ሊይዝዎትም ላይይዝዎትም ይችላል። የሚያድን መድኃኒት የለንም። ከሰው ግን አይራቁ።»

«እኔ መች ራቅሁ፣ ሰው ነው የራቀኝ» አልኩት።

ቢቸና ከተመለስን በኋላ፣ አንድ ጠዋት ላቀው ደጃፍ ተቀምጦ «ኪርያላይሶን» እያለ ያዜማል። ትርጉሙን እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ጌታ ሆይ ማረን ነው። ታዲያ የሚጠራው ማንን ነው? ያንኑ ጌታ አይደለም? አጠገቡ ተቀመጥኩና በዜማ ተቀበልኩት። ዞር ብሎ አየኝ።

«ደህና ያውቁታል። የማን ልጅ ነዎት?»

«የብሩ ልጅ ነኝ። ትርንጎ እባላለሁ።»

«እኔም ትርንጎ የምትባል ሚስት አለችኝ።»

«ደህና ሴት ናት?»

«ቁጡ ናት።» መንገዱን አየት አደረገና፣ «ብትመጣ ጥሩ ነበር» አለ።

ወገኖቼ፣ ላቀው አልተፈወሰም፤ አልዋሽም። ያን ጠዋት የተፈወስኩት እኔ ነኝ። የረሳኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየጠበቀኝ ነው። ጌታ ይመስገን።

ተነሥቼ ወደ ሽማግሌዎቻችን ሄድኩ። «እሳቸው የሚቀበሉትን ያውቁታል ወይ ብለን ፈርተን እንጂ በክፋት አይደለም» አሉኝ።

«እኔንም አያውቀኝም፤ ግን ባሌ ነው» አልኳቸው። «ስለረሳኝ ጋብቻችን ፈርሷል? ነገ እኔ የረሳሁ እንደሆን ሳህኑ እኔንም ሊያልፈኝ ነው?»

ወንድም አዳነም ከመካከላቸው ነበር፤ የመለሰልኝ እሱ ነው። መልሱን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ላቀው ይኸው አጠገቤ አለ። ማን እንደሆናችሁ አያውቅም፤ ስታጨበጭቡ ግን ያጨበጭባል። ስሙ የተባረከ ይሁን። ቤቱ የሚረሳ ሰው ያለበት አይደብቀው፤ ይዞት ይምጣ። ልባችሁን ለጌታ ያልሰጣችሁም ስጡት። እኛ ብንረሳው እንኳ እሱ የማይረሳን ነው፤ በእሱ ታመኑ።

መልሱ ይህ ነው። ወንድም አዳነ አቀርቅሮ እንዲህ አለኝ፦ «እማማ፣ በድለናቸዋል። እሑድ ይዘዋቸው ይምጡ፤ ሳህኑን ከሳቸው እጀምራለሁ። ያዜሙም እንደሆነ ያዚሙ። እኔም በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ፤ እቀበላቸዋለሁ።»