በበገና የተቃኘ ስፒከር

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለን አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ የአንዲት አሮጌ ፒካፕ ባለቤት፣ ከቄስ ትምህርት ቤት አልፌ ያልተማርሁ፣ መንዳቱንም መፍታቱንም ሰው ሲሠራ እያየሁ የለመድሁ። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት፣ ቴክኒክና ሙያ ገብታ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራ የተመረቀች፣ ከተመረቀች ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት የተቀመጠች። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ የተናገረችውን ግን አትረሳም። አራተኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። እግራቸውን ስለሚያማቸው ሩቅ አገር ሲሄዱ በእኔ መኪና ነው የሚሄዱት።

ቤታችን አርብ ገበያ ነው። መኪናዋ በአዘቦት ቀን ገብስና ባቄላ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ትጭናለች። መንገድ በተከፈተ ሰሞን ንፋስ መውጫና ወገዳ ትመላለሳለች።

ነገሩ የተጀመረው በሁዳዴ ነው። ልጄ ንፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘች። ቴፕ ልትገጥምባት፣ ዲናሞ ልትጠግንባት። ከራሷ ቀብድ ሰጠች። የቤቱ ባለቤት ግን አባቷ መጥቶ ዋስ ሆኖ ካልፈረመ ለብቸኛ ልጃገረድ አላከራይም አለ። ቀጠሮውም ከፋሲካ በኋላ ያለችው ቅዳሜ፣ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ሆነች። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል።

ስትነግረኝ «መጀመሪያ ሥራሽን በእኔ መኪና ላይ ልየው» አልኋት። ተገቢ መልስ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ቃሉ ክፉ አይመስለኝም። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ድምፅ የሌላትን ፒካፕ ለሙሽራ የሚጠራት የለም። ስፒከር እገዛለሁ፣ እሷ ትገጥማለች፣ ደኅና ከሆነ እፈርማለሁ። በዚህ ተስማማን።

ስፒከሩን ልገዛ ግን ብቻዬን ሄድሁ። ከሱቁ ትልቁን መረጥሁ። ድምፁን የሚያጎላለት አምፕሊፋየር አብሮ ተገዛ፤ እሱን ከወንበር ሥር አደርገዋለሁ ብዬ። ቤት ሳመጣው ልጄ አንዱን ስፒከር ገልብጣ በጣቷ ለካችው።

«አባባ፣ ይሄ ለበራችን ወፍራም ነው» አለች።

«የሚወፍረው ድምፁ ነው።»

«ማግኔቱን ነው የምልዎ። መስታወቱ ሲወርድ ይገጨዋል። የበሩ መክፈቻ ዘንግም በዚያው ነው የሚያልፈው።»

«ይችን መኪና ፈትቼ ስገጥም አንቺ ጡት አልጣልሽም።»

«አሁንማ ጥዬ ኮሌጅም ጨርሻለሁ። ከፋዩ እርስዎ አልነበሩም?»

እናቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። መሮና መዶሻ አንሥቼ የበሩን ውስጠኛ ቆርቆሮ እቀድ ጀመር። ልጄ ብሎንና ዳዶ አመጣችልኝ፤ እኔ በእንጨት ቪቴ አሠርሁት። ገመዱን ያዥ ስላት ያዘች፣ ባትሪ አብሪ ስላት አበራች። ሥራሽን ልየው ያልሁት ሰውዬ ሥራውን ከእጇ ቀምቼ ራሴ ሠራሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከቁም ነገርም አልቆጠርሁት።

ቀጥሎ መቃኘት መጣ። አምፕሊፋየሩ ላይ በቀጭን ካቻቢቴ የሚዞሩ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ለኃይሉ፣ አንዱ ለወፍራሙ ድምፅ፣ አንዱ ለቀጭኑ። እያጫወቱ፣ እያዳመጡ፣ በጥቂቱ ማዞር ነው። ምን ላጫውት? በጾም እኔ መኪና ውስጥ ዘፈን አይከፈትም። ከበሮም ቢሆን በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይመታም፤ እስከ ትንሣኤ ተሰቅሎ ይቆያል። የቀረኝ በገና ነበር። የበገና መዝሙር ያለበት ፍላሽ ሰካሁና ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሦስት ቀን ቃኘሁ።

በገና ደግሞ ተፈጥሮው መንዘር ነው። በየአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት እዝዝ የምታሰኘው። ያ እዝዝታ ከሌለው በገና አይባልም። እናም የበሩ ቆርቆሮ ሲንዘረዘር በገናው ነው አልሁ። ቪቴው ላልቶ ሲንቀጫቀጭ፣ በገናው ነው አልሁ። እንዲያውም እንዲህ ያለ በገና ሰምቼ አላውቅም እያልሁ ጎረቤት ጠርቼ አሰማሁ።

ልጄ ደጅ ቆማ አዳመጠች። «አባባ፣ አንዱ ንዝረት የበገናው አይደለም።»

«አሥር አውታር ነው ያለው። የትኛውን ነው የጠላሽው?»

«አሥራ አንደኛውን።»

ጎረቤቶቻችን ሳቁ፤ እኔም ደሜ ፈላ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ ከበሮ ያለበት ይክፈቱበት» አለችኝ። «ወፍራም ሲመታበት ይለያል።»

«ጾም አንድ ደቂቃ የለውም።»

«እሺ፣ መስታወቱን እስከ ታች ያውርዱት።»

«አቧራ ይገባል» አልሁና በሩን ዘጋሁት።

ጾምን የሚያከብር ሰው መልካም ሰው ነው። ጾምን ተገን አድርጎ ልጁን አላዳምጥም የሚል ግን ጾመኛ አይደለም። ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ፋሲካ ሆነ፣ ያቺ ቅዳሜም ደረሰች። የንስሐ አባታችን የወንድም ልጅ እሑድ ወገዳ ላይ ትዳራለች። ሙሽራዋን የምትጭነው የእኔ መኪና ናት፤ ኪራዩንም አስቀድሜ ተቀብያለሁ። ቅዳሜ ጧት አባን ላደርሳቸው ስነሣ ባለቤቴ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። ልጅቷን አስቀድማት።»

«ወገዳ ደርሼ እስከ ስድስት ሰዓት እመለሳለሁ። ንፋስ መውጫ ከዚያ በኋላ።»

ልጄ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ የምስክር ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ይዛ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ እንጂ ምንም አላለች።

መንገዱ ላይ አባ «ትንሣኤ ነው፤ እስቲ ከበሮ ያለበት አሰማን» አሉኝ። ከፈትሁት። የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ በእኔ በኩል ያለው በር እንደ በቅሎ ረገጠ። በሁለተኛው ቆርቆሮው አጓራ። ትንሽ እንደሄድን ከበሩ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፤ የግራው ድምፅም ጠፋ። ዘጋሁት።

«ምንድን ነው?» አሉ አባ።

«በገናው ነው» ልል ምንም አልቀረኝ።

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። ተራራው ተቆርጦ ጠባብ በሆነበት ላይ የጭነት መኪና መጣብን። ላሳልፈው ወደ ቀኝ ተጠጋሁ፤ ጠርዙ ተናደና ሁለቱ የቀኝ ጎማዎች ቦይ ገቡ። መኪናዋ ተጋድማ በአባ በኩል ግድግዳው ላይ ተደገፈች። የጭነት መኪናው ሹፌር ጥሩምባውን ነፍቶልን አለፈ፤ ሆን ብለን ያሳለፍነው መስሎት ማመስገኑ ነው።

የአባ በር በድንጋይ ተይዟል። የእኔን ስስበው እጀታው ባዶውን ይመላለሳል። መስታወቱ አራት ጣት ወርዶ ቆመ። የኋላውን መስኮት፣ ጭነት እንዳይሰብረው ብዬ ራሴ ባስበየድሁት ፍርግርግ አጥሬዋለሁ። መፍቻዎቼ ሁሉ ከኋላ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ገበያው ትናንት ስለነበር መንገዱ ላይ ሰው አይታይም።

«የፊቱን መስታወት ስበረው» አሉ አባ።

«ጋይንትን ሁሉ ብንዞር ምትክ አይገኝለትም፣ አባ።»

«እንግዲያ እንቀመጥ።»

ተቀመጥን። ፀሐይዋ ወጥታ ጋቢናውን አጋለችው። እኔ ወደ እሳቸው እንዳልንሸራተት መሪውን ይዣለሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል። እንደገና አየሁ፤ አምስት ሰዓት እንኳ አልሞላም። እግሬን መዘርጋት ፈልጌ አጣሁ። ሌላውን ስንት ጊዜ «ቁጭ በል» እንዳልሁ፣ ራሴ ግን ቁጭ ማለትን እንዴት እንደማልችል ያን ቀን አየሁ።

«ለንስሐ ና ብዬ ስንት ጊዜ ላክሁብህ?» አሉ አባ፣ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ።

«መንገድ ላይ እየሆንሁ ነው፣ አባ።»

«አሁንም መንገድ ላይ ነህ።»

ለማምለጥ ወደ በሩ ዞርሁ። እጀታውን አንድ ጊዜ ሳብሁት። ከዚያ ነገርኋቸው። ልጄን ማስቀደም እችል እንደነበር፤ እሳቸውን ወገዳ የሚያደርስ ሌላ መኪና እንደማይጠፋ።

«ታዲያ ለምን?»

«ቀኑ በራሱ እንዲያልፍ ፈልጌ ነው። እኔ እምቢ ሳልላት።»

«ክፉ ሥራ ትሠራለች ብለህ ነው?»

«አይደለም፣ አባ። ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ንፋስ መውጫ ላይ ሱቅ ከከፈተች ሰው ሁሉ ያውቅብኛል።»

መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ቆጠሩ። «ይህን ለእኔ ነግረህ እንዳታርፍ» አሉኝ በመጨረሻ። «ለእሷ ትነግራታለህ። ቀኖናህ ይኸው ነው።»

«ስግደት ቢያደርጉልኝስ?»

«ስግደቱማ ይቀልሃል።»

ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ሰባትም አለፈ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ሦስት ገበሬዎች አህዮቻቸውን እየነዱ መጡ። ከውጭ በሩን ሳቡት፤ እምቢ አለ። አንደኛው አጎንብሶ በመስታወቱ ክፍተት አየን።

«አባቶቼ፣ ማን ነው የቆለፈባችሁ?»

«እሱው ነው» አሉ አባ።

ከመካከላቸው ወጣት የሆነው ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣ። የቤታችንን ስልክ ቁጥር ነግሬው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ጮኸ፦

«ልጅዎ ናት! ከበሩ ውስጥ የወደቀ ነገር አለ ወይ ትላለች!»

«አለ በላት!»

«ስፒከሩ ዘንጉ ላይ ተቀምጦበት ነው ትላለች! ካቻቢቴ ይቀበሉና የበሩን ልባስ ይፍቱት! ማግኔቱን ወደ ላይ ያንሡት! በጉልበት አይሳቡት፣ ዘንጉ ይሰበራል ትላለች!»

ሳታየው፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ በሰው አፍ በሩን ከፈተችው። ካቻቢቴውን ከኋላ ሣጥን አውጥተው በክፍተቱ አቀበሉኝ፤ ልባሱን ፈታሁ። ራሴ የመረጥሁት ትልቁ ስፒከር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዘንጉ ላይ ተቀምጧል። በሁለት እጄ አነሣሁት። በሩ ያለ ምንም ትግል ተከፈተ።

ጉብታው ላይ ወጥቼ ስልኩን ተቀበልሁ። ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር።

«ሰውዬው ምን አለ?» አልኋት።

«ሰባት ሰዓት ላይ ደውሎ ነበር። ሞባይል ለሚሸጥ ልጅ ሰጥቶታል። ቀብዱም አይመለስም ብሏል።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖርበት በተሻለኝ።

መኪናዋን ጎትተን ስናወጣት መሸ፤ የፊት ጎማዋ እግር ተጣሞ ለሙሽራ አልሆነችም። አባ እሑድ ጧት በሞተር ሳይክል ተፈናጠው ሄዱ። እኔ ቤት ገብቼ፣ ባለቤቴ እየሰማች፣ ቀኖናዬን ፈጸምሁ። ቀኑ እንዲያልፍ የፈለግሁት እኔ ነኝ አልሁ።

ልጄ «አውቃለሁ፣ አባባ» አለችኝ። «ጧት ሲወጡም አውቄያለሁ። እስቲ ይናገሩት ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

በቀጣዩ ሳምንት በሮቹን ከፍታ ሠራቻቸው። በልካቸው የሆኑ ትናንሽ ስፒከሮች፣ ሥራቸው የእንጨት ቀለበት፣ ብሎንና ዳዶ። መጀመሪያ መስታወቱን እስከ ታች አወረደች። ቀጥላ የሰው ንግግር አሰማች፤ ከዚያ ከበሮ፤ በገናውን ያመጣችው በመጨረሻ ነው። አሥሩን አውታር ቆጠርሁ፤ አሥራ አንደኛው የለም። ያን ጊዜ እፈርማለሁ አልሁ፤ የሚፈረምበት ቤት ግን አልነበረም። አሁን ደብረ ታቦር፣ በሰው ጋራዥ ውስጥ፣ በቀን ሂሳብ ትሠራለች። ክፍል እንደገና ስታገኝ እንድትነግረኝ ለምኛታለሁ፤ እስካሁን አልነገረችኝም።

ሲሄድ ሲሄድ የሁላችንንም ኪሳራ ደመርነው። ከእኔ፣ ትልቁ ስፒከር በርካሽ ሲሸጥ የጎደለው አሥራ አንድ ሺህ፣ የመኪናዋ ማሠሪያ አራት ሺህ አምስት መቶ፣ የመለስሁት የሠርግ ኪራይ አምስት ሺህ። ከባለቤቴ፣ ለትናንሾቹ ስፒከሮች የሸጠችው ጠቦት ስድስት ሺህ። ከአባ፣ የሞተር ሳይክል አምስት መቶ፤ ልክፈል ብል እምቢ አሉኝ። ከልጄ፣ የቀብዱ ሁለት ሺህ። ሃያ ዘጠኝ ሺህ ብር።