ወደ ግራ የታጠፉ ሽማግሌዎች

የእህቴ ልጅ ቡሬ ገጠር ያለች ልጅ ወደደና ሽማግሌ አድርጎ ከፍኖተ ሰላም ላከን። መሪጌታን፣ ሁለት ጎረቤቶቹንና እኔን። እኔ የተመረጥኩት ለብልሃቴ ሳይሆን ለሽበቴ ነው። "ዛሬ ካልጠየቃችሁልኝ ነገ ሌላ ጠያቂ ከሽንዲ የሚልካቸው ሽማግሌዎች ይቀድሙኛል" ብሎ እየተንሰፈሰፈ ሸኘን። መንገዱንም ለእያንዳንዳችን ነግሮናል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቀኝ።

ከባጃጅ ወርደን ቤተ ክርስቲያኑን እንደተሳለምን መሪጌታ ወደ ግራ ታጠፉ። እኔ ቆም አልኩ። ሁለቱ ጎረቤቶች እኔን አዩኝ፣ እኔም እነሱን አየሁ፤ ከዚያ ተከተሏቸው። ሦስት ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻዬን ልክ ልሆን? ተማሪ ቤትም ሆኖልኝ አያውቅ። ጋቢዬን አስተካክዬ ተከተልኩ።

አንድ ሰውዬ ደጁ ላይ በቆሎ ሲፈለፍል አገኘን። አራት ጋቢ ለባሽ ሲያይ ደንግጦ ተነሣ።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ!"

"ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ፣ እንደ ደንቡ። "ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ነው የመጣን።"

ሰውየው አራታችንንም ተራ በተራ አየ። ይህን ሁሉ ሽማግሌ ደጁ አቁሞ "ተሳስታችኋል" ማለት ነውር ሆነበት መሰለኝ፣ ላብ ላብ እያለው "እንግዲህ... ከዘመድ ልማከር" አለ።

ሚስቱ ከውስጥ ጮኸች፤ "አንተ ሰውዬ፣ ስለ የቷ ልጅ ነው የምትማከረው? እኛ ያለን ወንድ ብቻ!"

መሪጌታ ወደ እኛ ዞሩ። "ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ? ዝም ስትሉ ልክ ነኝ ብዬ እኮ ነው!"

"እኛማ እርስዎ ያውቃሉ ብለን" አለ አንዱ ጎረቤት። ሌላው አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። እኔ ሰማይ ሰማዩን።

ሰውየው ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ ጋቢውን ደርቦ እውነተኛው ቤት ድረስ መራን። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። መሪጌታ እንደቆሙ ያንኑ ጥያቄ ደገሙ። የልጅቷ አባት ፊቱን ቋጠር አድርጎ "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" ብሎ የመራንን ሰውዬ ጠየቀው።

እኔ በልቤ የእህቴን ልጅ ቀበርኩት።

"ዘመዳቸው አይደለሁም" አለ ሰውየው። "ግን እርስ በርስ መቃወም ፈርተው ሴት ልጅ የሌለበት ቤት ልጅ የሚጠይቁ ናቸው። ልጅህ እዚያ ቤት ከገባች አዛዧ እሷው ናት።"

ከጓዳ የልጅቷ ሳቅ ተሰማ። አባትየው ገብቶ ከእሷ ጋር ተንሾካሾከና ወጣ።

"በሉ ተቀመጡ" አለን።

መሪጌታን እንኳ ሳልጠብቅ ዘፍ አልኩ።