የማን ልደት ነው?

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በየሰው ቤት በተራ እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። የቀበሌ ሰዎች ድንገት ቢመጡ እንዲያምኑን ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ ይቀመጣል፣ ግድግዳው ላይ ፊኛ ይንጠለጠላል፤ ከባለቤቱ ልጆች አንዱም ባለ ልደት ይሆናል። በዚያ ዓመት የጉለሌ ጴንጤ ልጆች በየወሩ ሳይወለዱ አልቀሩም።

አንድ ሳምንት ተራው ጳውሎስ አካባቢ የሚኖሩ አንድ መምህር ቤት ደረሰ። መምህሩ ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ ባለ ልደቷ ትንሿ ልጃቸው እንደሆነች ለአንድ ሽማግሌ እንድነግርላቸው አዘዙኝ። ሽማግሌው ከእኛ ጋር መጸለይ የጀመሩት በቅርቡ ነው፤ ቤታቸውም እንደ እኔው ቁስቋም ዳገት ላይ ነው።

ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ባሕር ዛፍ ይፈልጡ ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጠው ወንበር አወጡልኝ።

"ልጄ፣ ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ከሁሉ የቀለለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ውሸት መተዌ" አሉኝ። ድሮ ከብት ነጋዴ ነበሩ። "ስንቱን አሮጌ በሬ ወይፈን ነው ብዬ ሸጫለሁ መሰለሽ!" ብለው ሳቁ።

አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እንዴት ብዬ "ቅዳሜ ከተጠየቁ ይዋሹ" ልበላቸው? ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠይቄ፣ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ሌላ ሰው ይነግራቸዋል አልኩ በልቤ። ማን እንደሚነግራቸው ግን አላሰብኩም።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን መዝሙር በሹክሹክታ እየዘመርን በሩ ተንኳኳ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። አንደኛው ዳቦውን አየ፣ ፊኛውን አየ፣ ከዚያ ከመሃላችን በዕድሜ ትልቁን መርጦ ጠየቀ።

"አባባ፣ የማን ልደት ነው?"

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። "የምን ልደት? እኛ ለጸሎት ነው የመጣነው ልጄ።"

መምህሩን ወሰዷቸው።

ቀበሌ ታስረው በከረሙበት ጊዜ ስንቅ እያመላለስን የምናወራው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብቻ ነበር። አንዱ ፊኛው አነሰ አለ፣ ሌላው መዝሙሩ ተሰማ አለ። አንዷ እህት "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" እያለች ሁላችንንም ወቀሰች። በመጨረሻ ሁሉም ሽማግሌው ላይ ተስማማ፤ "አንዴ የልጅቷ ነው ቢሉ ምን ነበረበት!" ውሸት ኃጢአት ነው ብለን የምናስተምር ሰዎች፣ ስላልዋሹ ፈረድንባቸው። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አብሬ ፈረድኩ። እፎይ ነው ያልኩት። ዛሬም ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ እፎይታ ነው።

መምህሩ ሲፈቱ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ልንላቸው ተሰበሰብን። ሽማግሌውም ዳገቱን ወርደው መጡ። ማንም ብድግ አላለላቸውም፤ በሩ አጠገብ ቆሙ።

መምህሩ ከስተዋል። የመጣውን ሁሉ እየሳሙ እኔ ጋ ሲደርሱ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ "ልጄ፣ ለአባታችን ነግረሻቸው አልነበረም እንዴ?" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ነግራኛለች" አሉ ሽማግሌው ከበሩ። "በደንብ ነግራኛለች። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ እርጅና ክፉ ነው።"

ጠመንጃ ፊት ያልዋሹት ሰው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። እኔ ግን እንኳን እውነቱን ልናገር፣ ወንበሬንም አልለቀቅሁላቸውም።